የትርንጎን ስም የጠራሁበት ሕመም

ሽንቴ ጠቁሮ ያየሁት ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ነው። ጥቁር ስል ትንሽ ደፈረሰ ማለቴ አይደለም፤ ገብሱ እስኪያር የተቆላ ጠላ ይመስል ነበር። ጭኖቼ አብጠው እንደ ግንድ ደርቀዋል። ከሽንት ቤት እስከ አልጋዬ ያለችውን አጭር መንገድ ግድግዳ ይዤ ተመለስኩና፣ ለሚስቴ ለየሺ «ደክሞኝ ነው» አልኳት። ከዚያች ቃል ጀምሮ የዋሸሁትን ሳስበው ከሕመሙ ይልቅ እሱ ያሳፍረኛል።

ይህን የምጽፈው ለሚሮጡ ሰዎች ነው፤ ደግሞም ታሞ ተኝቶ ሳለ ዘመድ በሌላ ሰው ላይ ጣቱን ሲቀስር ዝም ማለት ለሚቀለው ሰው። ጀግንነት የሚፈልግ አንባቢ እዚህ ላይ ቢያቆም አልቀየመውም።

ዘመኑ የደርግ ነው። ጎንደር ከተማ ውስጥ በአንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ነበርኩ። የክፍለ ሀገሩ ሠራተኞች የሩጫ ውድድር ይኖራል፣ በየመሥሪያ ቤቱ ቡድን ይቋቋም ተብሎ ታዘዘ። ያን ጊዜ ታዘዘ ከተባለ ቦርጫሙም ይሮጣል። እኔ ግን ሳልታዘዝም እሮጥ ነበር። ተማሪ ሳለሁ በረጅም ርቀት ያገኘሁትን ዋንጫ ቢሮዬ መስኮት ላይ አስቀምጬ፣ ፋይል ሊጠይቅ የመጣ ሁሉ እንዲያየው አቧራውን በየጧቱ እጠርግ ነበር።

አሰልጣኛችን ጓድ መርሻ ስፖርት ውጭ አገር የተማረ፣ ቀጭን፣ ሳቅ የማያበዛ ሰው ነው። ሰዓት እላፊው ሳያበቃ መውጣት አይቻልም፣ የሥራ መግቢያው ደግሞ ማንንም አይጠብቅም፤ በዚያች መሐል ባለች ጊዜ ወንዱንም ሴቱንም አንድ ላይ ያሠራናል። በደባርቅ መንገድ ዳገቱን እስከ ኬላው ወጥተን እንመለሳለን። ከሴቶቹ መሐል ትርንጎ ነበረች።

ትርንጎ የመሥሪያ ቤታችን ታይፒስት ናት። እናቷ ሸክላ ሠርታ ቅዳሜ ገበያ ትሸጣለች። ሸክላ ሠሪና ቀጥቃጭ ቡዳ ነው፣ ዓይኑ ሰው ይበላል የሚባለው ሐሜት በአገራችን የቆየ ነው። በውይይት ክበብ ስለ እጅ ባለሙያው እኩልነት ሲነገር እጃችን እስኪቀላ እናጨበጭባለን፤ ምሳ ሰዓት ትርንጎ ስትገባ ግን የምሳ ዕቃውን ክዳን መለስ የሚያደርግ አይጠፋም። እኔ አላደርገውም ነበር። በዚህም ራሴን የሠለጠነ ሰው አድርጌ እቆጥር ነበር።

አንድ ቀን ጓድ መርሻ ሁላችንንም ጀርባችንን ከግድግዳ አስደግፎ፣ ወንበር ሳይኖር እንደ ተቀመጠ ሰው ጉልበታችንን አሳጠፈን። ጭን ሲደክም ይንቀጠቀጣል፤ ማን ቀድሞ እንደሚወድቅ በሰዓት ይይዛል። ወንዶቹ ተራ በተራ ወደቅን። እኔ ከወንዶቹ መጨረሻ ወደቅኩ፤ ቀና ስል ግን ትርንጎ ገና ተቀምጣለች፣ ያውም ከጎኗ ካለችው ልጅ ጋር ስለ ሽሮ እያወራች።

«መዝገብ ቤት በታይፕ ተሸነፈ» አለ አንዱ። ሁሉም ሳቀ። እኔም ሳቅሁ፤ አሳሳቄን ግን የሺ ብታይ ታውቀው ነበር።

ጓድ መርሻ አልሳቀም። «ጡንቻ እንደ ደቦ ነው» አለን። «ውስጡ ብዙ ክር አለ። ያልሠለጠነ ሰው አገሩን ሁሉ በአንድ ጊዜ ይጠራል፤ ሁሉም አብሮ ይሠራል፣ ሁሉም አብሮ ይደክማል። ረጅም ሩጫ የለመደ ሰውነት ግን ጥቂቱን እያሠራ ሌላውን ማሳረፍ ይማራል።»

«ሴቶቹስ ምን ሆነው ነው?» አልኩት።

«አብዛኛውን ጊዜ የሴት ጡንቻ ከመጀመሪያውም ቆጥቦ ነው የሚሠራው። በጉልበት ትበልጣት ይሆናል፤ በማቆየት ግን ትበልጥሃለች። ልምምዱ ለሁለታችሁም ይጠቅማል፣ አንተ ግን መጀመሪያ መቸኮልህን መተው አለብህ።»

ይህን በሰው ፊት መስማት እንዴት እንደ ከበደኝ ዛሬ ሳስበው ይገርመኛል። ሳምንታት ሠራን። ግድግዳው ላይ የምቆይበት ጊዜ ጨመረ፣ ጭኔም እንደ በፊቱ ቶሎ አይንቀጠቀጥም። የትርንጎም ጨመረ። እሷን ሳያት ሳያት ጉልበቴን አንድ ነገር እየበላብኝ ነው ብዬ ደመደምኩ፤ ያም ነገር ሆዴ ውስጥ ያለ የኮሶ ትል ነው አልኩ። ጥሬ ሥጋ እወዳለሁ፣ ኮሶ ከጠጣሁም ቆይቻለሁ። ጓድ መርሻ ግን ገና በመጀመሪያው ቀን አስጠንቅቆን ነበር፦ «በልምምድ ሳምንት ኮሶ የሚጠጣ ሰው እኔ ጋ አይምጣ።»

ኮሶ የጠጣ ሰው ቀኑን ቤቱ እንደሚውል የማያውቅ የለም። ኮሶ ጠጥቷል ከተባለ እንግዳ እንኳ ከደጅ ይመለሳል። እኔ ግን የማጣሪያው ሩጫ ቅዳሜ ሆኖ ሳለ ዓርብ ጧት በባዶ ሆዴ ጠጣሁት። ለመሥሪያ ቤቱ «ለቅሶ አለብኝ» ብዬ ልኬ ቀኑን ሙሉ ስመላለስ ዋልኩ። ትሉ ይውጣ አይውጣ እንጃ፣ በሰውነቴ ውስጥ ያለው ውኃ ግን ወጣ። ማታ ከንፈሬ ተሰነጣጠቀ። ሆዴ ቀለለኝ፣ ነገ እንደ ንፋስ እበራለሁ አልኩ።

ቅዳሜ በጭነት መኪና ጠዳ ወሰዱን። ሩጫው ከጠዳ አዘዞ፣ ከአዘዞ ዳገቱን ጎንደር ነው። ፊሽካው ሲነፋ ከሁሉም ቀድሜ ወጣሁ። ጓድ መርሻ ከመኪናው ላይ «ቀስ!» ሲለኝ ሰምቼዋለሁ። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ይባል የለም? አዘዞን አልፌ ዳገቱን ስጀምር ባቶቼ ተኮማተሩ፣ ከዚያ ጭኖቼ፣ ከዚያ ወገቤ። መንገድ ዳር ተዘረጋሁ። ወንዶቹ አለፉኝ። ቀጥላ ከሴቶቹ አንደኛ ሆና ትርንጎ መጣች፣ ቆመችም።

«እለፊ» አልኳት።

«አፍህን ክፈት» አለችኝና የያዘችውን ኮዳ አፌ ላይ ደፋችው። ግማሹን ጠጥቼ ልመልስላት ስል «ጨርሰው» አለች። ሌሎቹ ሴቶች እያለፏት መኪናው እስኪመጣ ባቴን ስታሽ ቆየች። ለውድድሩ ከሴቶች የሚመረጡት ሁለት ብቻ ነበሩ። ትርንጎ በዚያ ቀን አልተመረጠችም።

እናቴ ያን ሰሞን ከዳባት ወዲያ ካለው ገጠራችን መጥታ እኛ ዘንድ ነበረች። ተሸክመው ሲያስገቡኝ ደረቷን መታች።

«ምነው ልጄ፣ ምነው? ከማን እጅ ምን ቀመስህ?»

«ውኃ ብቻ ነው እማዬ።»

«ከማን እጅ?»

«ከትርንጎ።»

«የማን ልጅ ናት?»

ዝም አልኩ። የማን ልጅ እንደሆነች የሺ ነገረቻት።

እሑድ አንድ ክሊኒክ ወሰዱኝ። ድሬሰሩ ጠዳ ውዬ መምጣቴን ሲሰማ «ቆላ ወርደህ ነው፣ ወባ ነው» ብሎ ክሎሮኪን ሰጠኝ። ሰኞ ባሰብኝ። ሽንቴ ጥቂት ሆነ፣ መልኩም ያው። ያኔ እናቴ አያ ታከለን አስጠራች። አያ ታከለ ቡዳ የበላውን ሰው በጭስ የሚያስለፈልፉ ሽማግሌ ናቸው። የታመመው ሰው በጋቢ ተሸፍኖ ሥር ይታጠንና፣ የበላው ቡዳ በሕመምተኛው አፍ ስሙን ይናገራል ይባላል።

ጋቢ ውስጥ ከተቱኝ። ጭሱ ዓይኔንና ጉሮሮዬን አቃጠለኝ።

«ማን ነህ?» አሉ አያ ታከለ። «ተናገር! ይህን የመሰለ ሸጋ ልጅ ምን ሲቀምስ አገኘኸው?»

አእምሮዬን ስቼ ነበር ብል የሚያምነኝ ብዙ ነው። አልሳትኩም። የየሺን ሳል ከሌሎቹ ሳል እለይ ነበር። ኮሶ ጠጥቼ ነው ብል ጭሱ ይነሳልኝ ነበር፤ ግን የተከለከለውን ጠጥቼ ሮጥኩ፣ ያውም ሴት በለጠችኝ ብዬ፣ ማለት ሆነብኝ። ሁሉም የሚጠብቁት አንድ ስም እንደሆነ አውቃለሁ።

«ትርንጎ ነኝ» አልኩ። «ውኃ ሲጠጣ።»

እናቴ እልል አለች። ጋቢው ተነሳልኝ።

በማግስቱ በምሳ ሰዓት ትርንጎ ብርቱካን ይዛ ልትጠይቀኝ መጣች። የሆነውን አልሰማችም። እናቴ ከበሩ ላይ አቆመቻትና ከቀሚሷ ጫፍ ቅዳጅ እንድትሰጥ ጠየቀቻት፤ የበላው ሰው ልብስ ሲታጠን ሕመምተኛው ይድናል ይላሉና። ትርንጎ መጀመሪያ አልገባትም። ከዚያ በእናቴ ትከሻ ላይ አሻግራ እኔን አየችኝ። አንዲት ቃል፣ «ተይ እማዬ» ብቻ፣ ይበቃ ነበር። ፊቴን ወደ ግድግዳው አዞርኩ።

የጨርቁን መቀደድ ሰማሁ። ራሷ ነበረች የቀደደችው።

«እንኩ፣ አጭሱት» አለች። «ሲጨርስ ግን ሆስፒታል ውሰዱት። ፊቱን አላያችሁትም?»

የሺ ያን ዕለት ለመጀመሪያ ጊዜ ከእናቴ ጋር ተጣላች። ብርቱካኑን እናቴ ውጭ ጣለችው፤ የሺ ጎረቤት ጠርታ እኔን ሆስፒታል ወሰደችኝ።

የሆስፒታሉ አግዳሚ ወንበር ላይ ከስምንት ሰዓት እስከ ምሽት ጠበቅን። ከጦር ግንባር የመጡ ቁስለኞች ስለነበሩ ተራው ይሸሻል፤ እጁ የተቆረጠ ልጅ ሲያልፍ እያየሁ ቅድሚያ ስጡኝ ለማለት አፍ የለኝም። ሐኪሙ ወጣት ነበር። «ከዚህ በፊት የወሰድከው ነገር አለ? የባህል መድኃኒት?» አለኝ። ተከትላን የመጣችው እናቴ ከኋላው ቆማለች። «የለም» አልኩ። ኩላሊቴ ተቆጥቷል ብሎ አስተኛኝ፤ ሰውነቴ እንዳያብጥም የምጠጣው ውኃ እንዲቀነስ አዘዘ። በዋሸሁት ልክ ታከምኩ።

ሁለት ቀን እንዲህ ሆንኩ። የሽንቱ መያዣ ባዶውን ይመለሳል። የክፍሉ ነርስ ደግ ሴት ነበረች፤ በሰዓት እላፊ ምክንያት መመለስ ያልቻለችው የሺ አልጋዬ ሥር ጋቢ አንጥፋ እንድትተኛ አይታ እንዳላየ ታልፋለች። ፍርሃቴ ሲብስ የምሰማው የየሺን ትንፋሽ ነበር፤ እሱም ባይኖር ምን እሆን እንደነበር አላውቅም። በሦስተኛው ቀን ሐኪሙ፣ ኩላሊቴ ካልተነሳ ደም የሚያጥብ መሣሪያ ከተማው ውስጥ እንደሌለ ለየሺ ኮሪደር ላይ ሲነግራት ሰማሁ። ነርሷ ገብታ ምላሴን አየች።

«ይሄ ምላስ ውኃ ያጣ ሰው ምላስ ነው» አለችኝ። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይላሉ። አንተ ምንድን ነው የደበቅኸው?»

እናቴ ቤት ነበረች። «ኮሶ» አልኳት። «ኮሶ ጠጥቼ በማግስቱ ከጠዳ ሮጥኩ።»

ሐኪሙን በሩጫ ጠራችው። ተቆጣኝ፤ ከዚያ ተቀምጦ አስረዳኝ። ኮሶው ውኃዬን አሟጦታል። ጡንቻ በቂ ውኃ ሳይኖረው ከአቅሙ በላይ ሲሠራ ይፈራርሳል፤ ጡንቻን የሚያቀላው ነገር ወደ ደም ይገባና ኩላሊትን ይደፍነዋል። ሽንቴን ያጠቆረው እሱ ነው። ግሉኮስና ጨው ያለበት ውኃ በደም ሥሬ ተከፈተ። ሽንቴ ከጠላ ወደ ጠጅ፣ ከጠጅ ወደ ውኃ መልክ ለመምጣት አንድ ሳምንት ፈጀበት። የሺ መያዣውን በመስኮቱ ብርሃን ከፍ አድርጋ እያየች ታለቅስ ነበር። የምትሮጥ አንባቢ፣ ከከባድ ሩጫ በኋላ ሽንትህ ከጠቆረ በዚያው ቀን ሐኪም ዘንድ ሂድ፤ የዋጥኸውንም ሁሉ ተናገር። እኔ ከአራት ቀን በላይ አባክኜ በተአምር ነው የተረፍኩት።

ሐኪሙ ስሰናበት «ወድቀህ ሳለ የጠጣኸው ውኃ ባይኖር ኩላሊትህ ጨርሶ ይቆም ነበር» አለኝ። «ማን ነው ያጠጣህ?»

«የሥራ ባልደረባዬ» አልኩት። ስሟን አልጠራሁም። ጭሱ ውስጥ ስጠራት ጎረቤት ሁሉ ሰምቶኝ ነበር።

ጭኖቼ ቀጥነው ቀሩ። ከደረጃ ላይ በእንጨት ተደግፌ መውረድ ተማርኩ፣ ከሦስት ወር በኋላ ሥራ ገባሁ። የአያ ታከለ ጭስ ወሬ ቀድሞኝ ገብቷል። ትርንጎ ሩጫውን ትታለች። ጓድ መርሻ ሁለት ጊዜ ለምኗት እምቢ አለች፤ ልምምድ ላይ ከእሷ ኮዳ የሚጠጣ፣ ለእሷም ኮዳውን የሚያቀብል ጠፍቶ ነበር። ምሳዋን ከታይፕ መኪናዋ ጎን ብቻዋን ትበላለች። የእናቷን እንስራ የሚያነሳ ገዢ እንደቀነሰ ሰማሁ። ለእኔ «እግዜር ይማርህ» ብላኝ ሥራዋን ቀጠለች።

በየሳምንቱ የሂስና ግለ ሂስ ስብሰባ አለን። እያንዳንዱ ተነስቶ ጥፋቱን ይናገራል፤ ሁላችንም የምንናገረው አርፍዶ መምጣትን ነው። ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል ቢሉም የእኔ እያደር ከበደኝ። ስድስት ሳምንት ሙሉ «አርፍጃለሁ» አልኩ። በሰባተኛው ሳምንት ተነሳሁና ኮሶውንም፣ ለቅሶ አለብኝ ያልኩትንም፣ ጭሱንም፣ ከሐኪሙ መደበቄንም ተናገርኩ። «ትርንጎ አልበላችኝም። ያዳነችኝ እሷ ናት። እያወቅሁ ዋሸሁባት» አልኩ።

ሊቀ መንበሩ ጉሮሮውን ጠረገ። «ጓድ አያሌው፣ ይህ የግል ጉዳይ ነው። ቃለ ጉባኤ ላይ አይስፈር። ወደሚቀጥለው አጀንዳ እንለፍ።»

የስብሰባው ጸሐፊ ትርንጎ ነበረች። ቀና አላለችም።

«ሰፍሯል» አለች።

«ይሰረዝ።»

«ጓድ ሊቀ መንበር፣ ስሜ በጉባኤ ነው የተጠራው። ላንብበውና ልክ ካልሆነ ይሰረዝ።» ሳትጠብቅ አነበበችው። ድምፅዋ የሲሚንቶ ግዢ ስታነብ እንደሚሆነው ነበር፦ «ጓድ አያሌው፣ የሥራ ባልደረባቸው ትርንጎ ቡዳ ናት፣ በልታኛለች ብለው እያወቁ መዋሸታቸውን፣ የታመሙትም ኮሶ ጠጥተው በመሮጣቸው መሆኑን ገልጸዋል።» ከዚያ ወደ እኔ ዞረች። «ልክ ነው?»

«ልክ ነው።»

«እዚህ ላይ ፈርም።»

ፈረምኩ። ከስብሰባው በኋላ በር ላይ ጠብቄ ይቅርታ ጠየቅኋት።

«ጭሱ ውስጥ ስሜን መጥራትህ ይገባኛል» አለችኝ። «ሰው ሲታፈን የሚለውን አያውቅም። ሆስፒታል ግን ጭስ አልነበረም።»

ከዚያ በኋላ ሁለት ሦስት ሰው ምሳውን ይዞ ጠረጴዛዋ ዘንድ መሄድ ጀመረ። በዓመቱ ወደ ሌላ ከተማ ተዛወረች። እንደገና ትሩጥ አትሩጥ አላውቅም።

እናቴ ግን አገሯ ተመልሳ ልጄን ከቡዳ አፍ አወጣሁት እያለች ነበር። እውነቱን ሦስት ጊዜ ነግሬያታለሁ። በደንብ ታዳምጠኛለች፣ ከዚያ «እሺ ልጄ፣ አንተ ደግ ስለሆንክ ነው» ትለኛለች። ሳላሳምናት ሞተች።

ለቅሶዋ ላይ፣ ድንኳን ውስጥ፣ አንዲት የማላውቃት አሮጊት ከጎኔ ተቀመጡ። የአገሩ ሰው ሁሉ ዙሪያችንን ተቀምጧል። ለማጽናናት ጉልበቴን ያዝ አድርገው፣ «እናትህ ስትነግረን የኖረችው፣ ከዚያች ሸክላ ሠሪ ልጅ ያስጣለችህ አንተ ነህ?» አሉኝ። የእናቴ የሞቷ ቀን ነው። አዎ ብል ማንም አይወቅሰኝም፤ ብዙዎቹም አንገታቸውን እየነቀነቁ ይጠብቁኛል።

«አይደለም እማማ» አልኳቸው፣ ከድንኳኑ ዳር ያለው እንዲሰማ ድምፄን ከፍ አድርጌ። «ኮሶ ጠጥቼ ነበር።»